ከሰማያዊው ሸራ ሥር

መካ፣ ዑተይቢያ
ዓርብ፣ ህዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣

ሰላምታውን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ካቆየሁት ድፍረቴ ያልቃል። በስልክ «ትምህርት ቤት ገብቻለሁ» ያልኩሽ እውነት አይደለም። አጎቴ ጣሃ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ስልኩንም እንደምታውቂው ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ያደርገዋል። ወንድምሽ በክፋት አይደለም። ወረቀቴ ስላላለቀ ትምህርት ቤት አይቀበለኝም፤ አንቺ እንዳታዝኚ ብሎ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ቁርአን እቀራለሁ፤ የዐረብኛውን ፊደል የለየሁት እዚያ ነው። የቀረውን ቀን እንጨት አስራለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሰኞ ሰኞ አሁንም ባቲ ገበያ ትወርጃለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ይህን የምታነብልሽ ሰሐር ናትና፣ ሰሐር፣ አንቺንም ሰላም ብያለሁ። አባትሽ አብዬ ያሕያ ደህና ነው፤ ባለፈው ዓርብ አይቼዋለሁ። ስታነቢላት ቀስ በይ፤ እማ ሲሮጥባት ትቆጣለች።

እንጨት አስራለሁ ስልሽ «ከባቲ እንጨት ሸሽታ ሄዳ መካ እንጨት ላይ ወደቀች» ትያለሽ። አጎቴ የሚሸጠው ባሕራ ነው፤ ከጅዳ ወደ መካ በሚያመጣው መንገድ ዳር። የአገራችን ልጆች እዚያ ተሰልፈው ነው የሚሸጡት። ድሮ ሁሉም የሚሸጡት ሰመር የሚባለውን ነበር። ሰመር ማለት እማ፣ ያው የእኛ ግራር ነው፤ እሾሁም ሽታውም አንድ ነው። መንዲ የሚባለውን ሩዝና ሥጋ የሚያበስሉት ትልልቅ ወጥ ቤቶች ከሱ ሌላ አይወዱም፤ ሥጋው የሚጣፍጠው በሱ ጭስ ነው ይላሉ።

አሁን ግን አዲስ ደንብ መጥቷል። የዚህን አገር ዛፍ ቆርጦ መሸጥ ክልክል ነው። የሚሸጠው ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ፣ ያስመጣው ድርጅት ስም የተለጠፈበት፣ ደረሰኝ ያለው ብቻ ነው። ሰመር ይዞ የተገኘ ይቀጣል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ከሌለው ደግሞ በዚያው ወደ አገሩ ይሸኛል። አጎቴ ኢቃማ አለው፤ ካፊሉም፣ ዋስ የሆነው የዚህ አገር ሰው፣ ትንሽ ሱቅ ስለሰጠው ሕጋዊ ሆነ። የመርከቡ እንጨት ግን ውድ ነው፤ ቶሎ ነድዶም ያልቃል። ወጥ ቤቶቹ አይተውት ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን አንድ እስር ሳይሸጥ ይመለሳል፤ ያን ቀን አያናግረኝም። ጎኑ የሚሸጠው አብዬ ያሕያ ግን ኢቃማው ጊዜው አልፎ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለሱ ማን ወረቀት ይሰጠዋል? ከፊት ጥቂት የመርከብ እንጨት ይደረድርና ሰመሩን ይሸሽጋል። ደንበኛ ሁሉ ወደሱ ነው።

ባለፈው ዓርብ ባሕራ ሳለን አብዬ ያሕያ አንዱን የመርከብ እንጨት አንሥቶ የተለጠፈበትን ወረቀት አየና፣ «ጣሃ፣ ይሄ እኮ ከእኛው ማዶ የመጣ ነው። አየኸው? እንጨቱ በአንድ ወር ወረቀት አገኘ፤ እኔ ሰባት ዓመት ለፍቼ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻሼን አፌ ላይ ይዤ ስስቅ አየኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ እንጨት እንኳ ሲሰነጠቅ ይጮኻል፤ አንቺን ምን ብናደርግሽ ነው የምትናገሪው?» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ሰሐር፣ አባትሽ ገመድ ሲያስር አሁንም ወደ ግራ ነው የሚጠመዝዘው። የሱን ቋጠሮ ለመፍታት ጣቴ ይጠፋበታል። «ሌባ እንዳይፈታው ነው» ይላል።

ደስ የሚልም ነገር አለ። አጎቴ ማንበብ ስለማይችል አሁን የዐረብኛ መልእክት የምጽፍለት እኔ ነኝ። ትናንት ከመግሪብ በኋላ ስልኩን ሰጠኝና «ከጎሚስታው ጀርባ፣ ከሰማያዊው ሸራ ሥር፣ ሦስት ጭነት ሰመር አለ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። የአብዬ ያሕያ አይደለም እንዴ ብዬ ስጠይቀው፣ «ደንበኛ ላገኝለት ነው፤ እንዳትነግሪው፤ በድንገት ደስ ይበለው» አለኝ። እማ፣ ወንድምሽ እንዲህ ነው። አንድ ፊደል ሳልሳሳት ጻፍኩት።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ጎረቤታችን ሰልማ ናት፤ ሥራዋን ጨርሳ አገር መግባቷ ነው። ሻሹ ያንቺ፣ ሳሙናው የሰሐር ነው።

ልጅሽ ሰልዋ

—

ባቲ ወረዳ
ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰልዋ፣

የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ፣ ክፉ የሚያይሽ ዓይን አሸዋ ይግባበት። አሚን በይ። እኔ ወለላ እናትሽ ነኝ የምናገረው፤ እጁ የሰሐር ነው። ቀስ በይ እያለችኝ ነው። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ትምህርቱን ዋሸሽ ብዬ አልቆጣም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ እናቷ እንዳታዝን ብትዋሽ ምን ይደረጋል? ግን ከዚህ ወዲያ መዋሸት ካለብሽ በስልክ ይሁን፤ በወረቀት አታድርጊው። በስልክ የተባለ ነገር ንፋስ ይወስደዋል። ወረቀትሽን ግን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰሐርን ጠርቼ እንደገና አስነብባለሁ። ጣሃ ለያሕያ ደንበኛ ሲፈልግለት የሚለው ጋ ስትደርስ «እሱን ድገሚልኝ» እላታለሁ። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው። ያን ልጅ አላህ እንዲህ አድርጎ አሳየኝ።

ደንቡ የእናንተ ብቻ አይደለም። እዚህም ዳገቱ ተከለለ። ግራር የነካ ይታሰራል ተባለ። ደረቅ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ዘበኛው መጥረቢያዬን ቀማኝ። «እናቴ፣ ደንብ ነው» አለኝ። «ያንተ እናት በምን አብስላ ነው ያሳደገችህ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ እንጂ መጥረቢያዬን አልመለሰም። አሁን የወደቀ ጭራሮ ለቅሜ ነው ገበያ የምወርደው፤ ከእኔ ጋር ያሉት ሴቶችም እንደዚሁ። አንድ ሸክም ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጃል።

ለጣሃ ንገሪልኝ፤ ጣራው ስለሚያፈስ ከበልግ በፊት ለስምንት ቆርቆሮ የሚሆን ቢልክልኝ። ስልክ እየደወልኩ አላስቸግረውም። ለመደወል መስጂዱ ግቢ ድረስ መውጣት አለ፤ ኔትወርኩ ከዚያ ሌላ አይገኝም፤ ጉልበቴም ዳገት አይወድም።

ከሰሐር፦ ሰልዋ፣ ሳሙናው ደርሶኛል፤ እስካሁን አልከፈትኩትም፣ እያሸተትኩት ነው። አባቴ አንድ ወር ሙሉ አልደወለም። ስታዪው ቆጣ ብለሽ ንገሪው። ቆጣ ማለት ካላወቅሽበት እኔን አስመስይ።

—

መካ፣ ዑተይቢያ
ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣ ሰሐርም፣

አላህ ከሰማያት ሰብር ያውርድላችሁ። ሰሐር፣ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽን ያዙት። ደብዳቤያችሁ ከመምጣቱ በፊት ነው የሆነው፤ እሑድ ህዳር 8። ይፈታ ይሆናል እያልን ስንጠብቅ ነው ሳልጽፍ የቆየሁት። ተቆጣጣሪዎቹ በሁለት መኪና ባሕራ መጡ። በሰልፉ ካለው ሰው ሁሉ የማንንም አልነኩም፤ በቀጥታ ወደሱ እንጨት ሄዱ ይላሉ። ኢቃማ ስለሌለው ተሸኚ ወደሚታሰርበት ወደ ተርሂል ወሰዱት። ከዚያ በአውሮፕላን ይሸኙታል። ጤነኛ ነው፤ አልመቱትም።

አጎቴ ሻንጣ ገዝቶለታል። ልብስ፣ ተምር፣ የራሱን ጃኬት ሳይቀር ጨመረለት። ሻንጣውን ሲዘጋ እንባው ሲወርድ አየሁ። ይህን ደብዳቤ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከትቼዋለሁ፤ አጎቴ አያውቅም። አባትሽ ራሱ ነው የሚያደርስልሽ።

ማን ጠቆመው ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት። «የቀናበት ሰው አይጠፋም» አለኝ። ሌላም የጠየቅሁት ነገር ነበር። የመለሰልኝን ግን አሁን አልጽፈውም።

እማ፣ ቆርቆሮውን ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል። በቅርቡ ገበያው ይሻሻላል አለ።

ሰልዋ

—

ባቲ ወረዳ
ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰልዋ፣

አላህ ከሰው ተንኮል ይሸሽግሽ። ከባዕድም ከዘመድም።

ያሕያ በሰላም ገብቷል። ሰባት ዓመት ቆይቶ በአንድ ሻንጣ ተመለሰ። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ያው ቀልዱን ይቀልዳል፤ «መንግሥት በነፃ አሳፈረኝ» ይላል። ሰው ሲሄድ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሰሐር አይዞህ ስትለው «እኔ በመያዜ አይደለም» አላት። «ደንቡን አውቄ ነው የገባሁበት። ያሳሰረኝ ግን የአገሬ ሰው ነው።»

የነገረንን ልንገርሽ። ተቆጣጣሪው ስልኩን እያየ ነበር አሉ የሚሄደው። «ከጎሚስታው ጀርባ፣ ከሰማያዊው ሸራ ሥር፣ ሦስት ጭነት ሰመር» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ሸራውን ሲገልጡት ግን አንድ ጭነት ብቻ ነው የተገኘው። ሁለቱን ጭነት ቀድሞ ያነሣው ሰው አለ። ቦታውን የሚያውቀው ከሰልፉ ሰው ነው፤ ከሰልፉም ከዚሁ አካባቢ የሄደ ነው ይላል ያሕያ።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደርሷል። ከዒድ በኋላ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 2፣ መስጂዱ ግቢ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። ያየ የሰማ ሁሉ ያወጣል። ባሕራ ልጅ ያለው ቤተሰብ ስለ ልጁ ቁርአን መትቶ ይምላል። የጣሃን ስም የሚያነሡ አሉ፤ ጎኑ ስለሚሸጥ ነው። እኔም በገበያ መሃል፣ «ደንበኛ ሲፈልግለት የነበረው ሰው ነው የሚጠቁመው? ልጄ በወረቀት ጽፋልኛለች!» ብዬ አፋቸውን አዘጋሁ።

ስለ ወንድሜ እኔ እምላለሁ። «ጣሃ ይህን ሠርቶ እንደሆነ፣ የሰልዋን ዓይን ዳግመኛ አያሳየኝ» ብዬ ነው የምምለው። ከዚህ የሚበልጥ የምምልበት ነገር የለኝም።

ቆርቆሮው ይቅር። በዚህ ጊዜ ብር አልጠይቅም። ከወንድሜ አንድ ቃል ብቻ ተቀብለሽ ላኪልኝ፤ «እጄ የለበትም» ይበለኝ። ለሰው ብዬ እንጂ ለራሴ አይደለም።

ሰሐር እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች። ምን ሆንሽ ብላት እጄ ደከመ አለችኝ። ሰላምታ አትጽፊም ወይ ብላት «ይቅር» አለች።

እናትሽ ወለላ

—

መካ፣ ዑተይቢያ
ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣

ረመዳን ሊገባ ነው፤ አላህ በሰላም ያድርሰን። አጎቴ ደህና ነው። የቆርቆሮውን ልኳል፤ ለስምንት ብለሽው ለአሥር የሚበቃ አደረገው። አንቺ ይቅር ያልሽው ሳይደርሰው ነው የላከው።

ሥራ በዝቷል። የዓዚዚያ ሰፈር ወጥ ቤቶች ወደኛ ተመልሰዋል። ማሰሩ አሁን ሌላ ዓይነት ነው። ዙሪያውን የመርከብ እንጨት አደርጋለሁ፤ ወረቀቱን ወደ ውጭ አዞራለሁ፤ መሃሉን ሰመር እሞላዋለሁ። ሰመሩ ከካፊሉ መጋዘን ነው የመጣው፤ አጎቴ ሁለት ጭነት ሙሉ አመጣ። ከነእስሩ ነው የመጣው። ገመዱ ለመፍታት በጣም ከባድ ነው። የቀኝ ጣቴ ደምቷል።

እማ፣ እባክሽ አትማይ። ለምን አትበይኝ። የምታስቀራን ኡስታዛ ሰው በዓይኑ ስላላየው ነገር መማል የለበትም ብላናለች። በእኔማ ፈጽሞ አትማይ። ጉልበቴን አሞኛል በያቸውና ቅሪ።

ያልሽውን ቃል ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ።

ሰልዋ

—

ባቲ ወረዳ
እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰልዋ፣

ይህ ደብዳቤ የእናትሽ አይደለም። የራሴ ነው። መጻፌንም አታውቅም።

አባቴ ተቆጣጣሪው ያነበበውን ሲናገር እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ቃሉን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ። ከአንቺ ደብዳቤ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። እናትሽ ያን ቦታ ስለምትወደው ዓርብ በመጣ ቁጥር ድገሚልኝ ትለኛለች። አባቴ ከገባ በኋላ ቦታውን ዘልዬ «ደንበኛ ላገኝለት ነው» የሚለውን ብቻ አነብላታለሁ። እሷ ትመርቅሻለች፤ እኔ አሚን እላለሁ። ይህ ምን እንደሚመስል አንቺ ብቻ ነሽ የሚገባሽ።

መጀመሪያ አውቀሽ የጻፍሽው መሰለኝ። ሳሙናውን ወንዝ ወረወርኩት። ኋላ «ገመዱ ለመፍታት ከባድ ነው» ያልሽው መጣ። ማን ያሰረው ገመድ እንደሆነ አልጠፋኝም። ልትነግሪኝ ፈልገሽ ፈርተሽ ነው አልኩ። ግን ሰልዋ፣ ያን ስትጽፊ ካወቅሽው ስንት ቀን ሆኖሽ ነበር? አባቴ እሱን ያሳሰረው ሰው የሰጠውን ጃኬት ለብሶ ይሰግዳል። «ጣሃ ብቻ ነው ያልረሳኝ» ይላል። አውልቀው ልበለው?

ስለ አንቺም ይጠይቃል። «ያቺ ዝምተኛ ልጅ እንዴት ሆነች? ጮኸች ወይስ አሁንም ዝም ነች?» ይለኛል።

ደብዳቤሽ እኔ ጋ ነው። ለሽማግሌዎቹ ላነበው እችላለሁ። ግን እኔ ባነበው እናትሽ በእኔ አፍ ትዋረዳለች፤ አንቺም የጠቋሚ እጅ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። አንቺ ራስሽ ተናገሪ። በወረቀት አይደርስም። በዚያን ቀን የአባቴን ስልክ እኔ እይዘዋለሁ፤ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ አለ። መሐላው ከዙህር በኋላ ነው። እናትሽ ቁርአኑ ላይ እጇን እስክታሳርፍ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም አልጠብቅም።

ሰሐር

—

መካ፣ ዑተይቢያ
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣ ሰሐርም፣ አብዬ ያሕያም፣

ይህን የሚያደርስላችሁ ሰው ቅዳሜ ነው የሚነሣው። ሲደርሳችሁ ነገሩ አልፏል። እኔ ግን በወረቀት ካልጻፍኩት ነገ አፌ ላይ አይመጣልኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ሰሐር፣ በዚህኛው ምንም አትዝለዪ።

አብዬ ያሕያ፣ ያን መልእክት የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ደንበኛ የምጠራልህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። «ጮኸች ወይ?» እያልክ ሰሐርን ትጠይቃታለህ አሉ። እስከ ዛሬ አልጮኽኩም፤ አልቅሻለሁ። ግን ለቅሶዬ ምን ይሠራልሃል?

የተያዝክ ዕለት አጎቴን «ምናልባት ያ የጻፍንለት ደንበኛ ይሆን የጠቆመው?» አልኩት። በእውነት እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ዳቦውን አስቀመጠና፣ «የጻፈው የማን እጅ ነው? ነገሩ ቢነሣ የሚይዙት አንቺን ነው። ሁለተኛ እንዳይወጣሽ» አለኝ። ከዚያ ቁራሹን ሰጠኝ። በላሁት። በታኅሣሥ ደብዳቤዬ አልጽፈውም ያልኩት መልስ ይህ ነው።

በየካቲት ሰመሩ ቤታችን መጣ። የመጀመሪያውን እስር ለመፍታት ስይዘው ገመዱ ወደ ግራ ተጠምዝዟል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አጎቴን የማን እስር ነው አልኩት። «ገመድ ገመድ ነው» አለኝ። በማግስቱ ለዓዚዚያ ወጥ ቤት መልእክት እንድጽፍለት ስልኩን ሰጥቶኝ ሊሰግድ ቆመ። እስኪሰግድ ወደ ኋላ ሄጄ የህዳሩን ፈለግሁት። ያው የእኔ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል ሳልሳሳት። ከሥሩ መልስ አለ፦ «ጥቆማዎ ደርሶናል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ደጋግሜ አነበብኩት። ሶላቱን ጨርሶ ሲያሰላምት ሰማሁና ስልኩን ቦታው መለስኩ። ከዚያም ለወጥ ቤቱ የሚጻፈውን ጻፍኩለት። ሰሐር፣ ስንት ቀን ሆኖሽ ነበር ብለሻል። ደብዳቤውን ስጽፍ ስምንት ቀን ሆኖኝ ነበር። ስምንቱንም ቀን አስሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህም አስሬያለሁ። ከገመዱ ግን አንዱን አልቆረጥኩትም። ከፍራሼ ሥር ደብቄው ነበር።

እማ፣ ለወንድምሽ የላክሽውን ጥያቄ በዒድ ማግስት ነገርኩት። እህትህ በእኔ ልትምልልህ ነው አልኩት። እኔ «አይሆንም፣ አትማል» የሚል መስሎኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢሆን፣ ይህን ይከለክላል ብዬ ነበር። ሻዩን አማሰለና፣ «እኔ ደንቡን አክብሬ ስከስር፣ እሱ በስርቆት ደንበኛዬን ሲወስድ ዝም ልበል? ሕግ ነው ያልኩት» አለ። በሩ ሥር የተከመረውን ሰመር አየሁ። እሱም አየው። «ትማልልኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እህቴ አይደለችም እንዴ? አንድ ቀን ነው፤ ያልፋል።»

እማ፣ በጀርባሽ ያሳደግሽው ልጅ ያለው ይህን ነው። የላክሺኝን ጥያቄ መልስ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። አሥሩንም ቆርቆሮ ከማን እንጨት እንደመጣ አሁን ታውቂዋለሽ። ለአብዬ ያሕያ ስጪው። ዝናቡ ይውረድብሽ ማለቴ አይደለም፤ ግን ስጪው።

በእሱ ብቻ አልፈርድም። እኔም ሰሐርን ሸጥኳት። ደብዳቤዬን በእሷ አፍ እያስነበብኩ የአባቷን ገመድ እፈታ ነበር። አንቺንም በገበያ መሃል የውሸት ምስክር አደረግሁሽ። በወረቀት አትዋሺ ብለሽኝ ነበር፤ አልዋሸሁም፤ ግን ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት እንዳልሆነ ለራሴ ስነግር ነው የከረምኩት።

ኡስታዛችን ሐሰና ትባላለች፤ እዚሁ ሁለተኛው መንገድ ላይ ከልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ዛሬ ከቂርኣት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ቤት ቢዘጋብኝ ታስገቢኛለሽ ወይ አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «በሩን አንኳኪ» አለችኝ። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ከእንጨቱ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ገመዱም እዚያው ውስጥ ነው።

ነገ አጎቴ ለዙህር ምሳ ይመጣል። ምሳውን አቀርብለታለሁ። ሲጨርስ፣ «እማ ከመማሏ በፊት ልሰላምላት፤ ደውልልኝ» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል፤ የማበረታታት መስሎት። በአብዬ ያሕያ ቁጥር እንዲደውል እነግረዋለሁ፤ ስልኩ ሰሐር እጅ ነው ያለው እለዋለሁ። እንደ ሁልጊዜው ስፒከር ላይ አድርጎ አጠገቤ ይቆማል። ይቁም። እሱ በሌለበት አልናገረውም።

ሰሐር፣ ስልኩን ወደ ሽማግሌዎቹ አስጠጊው። መጀመሪያ «እማ፣ እጅሽን ከቁርአኑ ላይ አንሺ» እላለሁ። ከዚያ ስሜን፣ የአባቴን ስም እናገራለሁ። ከዚያ ያን መልእክት እንደጻፍኩት እላለሁ፤ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ከሰማያዊው ሸራ ሥር፣ ሦስት ጭነት። ጻፊ ያለኝንም በስሙ እጠራዋለሁ። ድምፄ ቶሎ ካልወጣ የተቋረጠ እንዳይመስልሽ። አትዝጊው፤ እናገራለሁ።

ሰልዋ